ለቁልቁለት ጭነት ወደ ኋላ

ለወንድም ጋሼ ትእዛዙ፣ ላለህበት ለሪያድ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ አሠሪህ፣ ያ የሚያምህ ወገብህ እንዴት ከርመዋል? እንቅልፍስ ትተኛለህ? ምግብ እየበላህ ነው ወይስ አሁንም ዳቦና ሻይ ብቻ ነው? እኛ ከእማዬ ዓይን፣ ከአንዲት ተጎታች ቤትና ከአያ ጓንጉል ግንባር በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

በወረቀት ጽፌ፣ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቼ የምልክልህ ሥራ ፈትቼ አይደለም። ስደውልልህ “እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ” እያልክ ከመሃል ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን ብትቆጣውም እስከ መጨረሻው ይናገራል።

የዓይን ሐኪሞች እማዬ ወዳለችበት ወደ ጽጽቃ እንደሚመጡ ነግሬህ ነበር። የእማዬን ቀኝ ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ግራውም ካለፈው ክረምት ወዲህ ጭጋግ ለብሷል። ፍየሎቹን በድምፃቸው፣ እኔን በኮቴዬ ነው የምትለየን። ሐኪሞቹ የቀዶ ጥገናውን አልጋና ማይክሮስኮፑን ጎማ ባላት ትንሽ ነጭ ቤት ውስጥ ገጥመው፣ በፒካፕ እያስጎተቱ ነው አገር ለአገር የሚዞሩት። ቤቷ በርም መስኮትም አላት፤ ስፋቷ ከእኛ ማድቤት አይበልጥም። ፒካፗም ትንሽ ናት፤ ሃይብሪድ የሚሏት፣ አንዴ በቤንዚን አንዴ በባትሪ የምትሄድ። ሹፌሩ ምሳው የሚባል የወልድያ ልጅ ነው። ቤቷ ቀላል ናት፣ በአግባቡ ከተጫነች ተራራውን ትወጣለችም ትወርዳለችም ብሎ ነግሮኛል።

ዶክተሯና ነርሶቹ በሌላ መኪና ከሰቆጣ ቀድመው ወረዱ። ምሳው ለመንገዱ እንግዳ ስለሆነ መሪ ተፈለገ። መሪ ሲባል ሰቆጣ ውስጥ ማን እንደሚነሳ ታውቃለህ። አባታችን ካረፈ ወዲህ የሁላችን አባት የሆኑት፣ በበቅሎም በመኪናም በሰማይም ጉዳይ የማይሳሳቱት አጎታችን አያ ጓንጉል ኩታቸውን አጣፍተው ከፊት ወንበር ተሰየሙ። ቄስ ወልደ ጻድቅ መንገድ ይባርኩ ተብለው ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። እኔ እማዬን ላስታምም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ነበር።

ከሩቅ በእግሩ የሚመጣው በሽተኛ እንዳይራብ የሰቆጣ ሰው ማሽላ አዋጥቶ ነበር። ምሳው ጆንያዎቹን ቤቷ ውስጥ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ደርድሮ፣ በገመድ አስሮ ተነሳን። መኪናዋ ስትነሳ ድምፅ የላትም። አያ ጓንጉል ትንሽ ጠበቁና “ይህቺ ነገር ሞታለች፤ ወርደን እንግፋ እንዴ?” አሉ። እየሄድን ነው ስላቸው በመስኮት አዩና “እርግጥ ነው፣ ዛፉ ይሄዳል” አሉ። ቄስ ወልደ ጻድቅ ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድ ነገር የማን ሥራ እንደሆነ ስለሚጠረጥሩ አማተቡ። እስከዚያ ድረስ ስስቅ ነበር።

ወደ ጽጽቃ የሚያወርደው የዝቋላ ቁልቁለት ከሚጀምርበት አፋፍ ስንደርስ አያ ጓንጉል “አቁም” አሉ። ቦታውን ታውቀዋለህ፤ በጨው ንግዳቸው ዘመን በቅሎ ሁሉ የሚቆምበት፣ ጭነት የሚዛወርበት ነው። ደንቡንም ከጡት ጋር ነው የጠባነው፦ ለዳገት ጭነት ወደ ፊት፣ ለቁልቁለት ጭነት ወደ ኋላ፤ አለዚያ በቅሎዋ በአፍጢሟ ትደፋለች። አያ ጓንጉል ወርደው ቤቷን ዞሯት፣ ጎኗን መታ መታ አደረጓትና “ጆንያው ሁሉ ወደ ኋላ ይሂድ” ብለው ፈረዱ።

ምሳው ቆቡን አወለቀ። “አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህቺ በቅሎ አይደለችም። ኋላዋ ከከበደ አንገቷ ከመኪናው ላይ ቀለል ይላል፤ ያኔ ቁልቁለት ላይ መወዛወዝ ትጀምራለች፤ ከጀመረች ደግሞ በፍሬን አትመለስም” አላቸው። “ጅራት አላት እንዴ የምትወዛወዘው?” አሉት። ቀጥለውም ስንት በቅሎ በዚህ ገደል አውርደሃል ብለው ጠየቁት። አንድም አላወረድኩም አለ። “ታዲያ!” አሉ። እኔ “አያ፣ እሱ እኮ እንጀራው ነው” ብል ቄስ ወልደ ጻድቅ “የዚች ልጅ ምላስ ከጥርሷ ቀድሞ ነው የበቀለ” አሉኝ። አያ ጓንጉል በኸምጣኛ ማጉረምረም ጀመሩ። በኸምጣኛ ከጀመሩ ነገሩ እንዳለቀ ታውቃለህ።

አፋፉ ላይ ኔትወርክ አለ። እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ፣ ወንድም ጋሼ። አያ ጓንጉል ካንተ በቀር የሚሰሙት ሰው ስለሌለ ደወልኩልህ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩህ። “አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይተዉት በላቸው” ብዬ ለመንኩህ። አንተ ግን “ያሳደጉንን ሰው በባዕድ ፊት ላሳፍራቸው? አንቺም አፍሽን ያዢ” አልከኝ። ስልኩን ለምሳው ስጪው ብለህም “ሽማግሌው የሚሉህን አድርግ፤ አገሩን ያውቁታል” አልከው። አገሩን ማወቃቸውን ማን ካደ? የተገለበጠው አገሩ አይደለም።

ምሳው ጆንያዎቹን እያነሳ ወደ ኋላ አዛወረ። ማንንም አላየም፤ እኔንም። መጀመሪያ ደህና ወረድን። መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ራሷን ትይዛለች፤ ስትይዝም ባትሪዋን ትሞላለች። አያ ጓንጉል “አያችሁ? ሕጉ ለበቅሎም ለመኪናም አንድ ነው” እያሉ ወደ ኋላ ይዞሩልን ነበር። ባትሪው ሲሞላ ግን መያዟ ላላ፤ ፍጥነታችን ትንሽ ጨመረ። ወዲያው ቤቷ ከኋላችን አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ተራራው መወርወር ጀመረች፤ እኛንም እየጎተተች ታወዛውዘናለች። ቄስ ወልደ ጻድቅ የጀመሩት ጸሎት ከመሃል ጠፋቸው። ምሳው መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ ከድንጋዩ ጋር አላተመን። መጎተቻው ተበጠሰና ቤቷ ብቻዋን ገደሉን ወረደች።

ሰው አልሞተም። አያ ጓንጉል ግንባራቸው ተሰነጠቀ፤ የምሳው እጅ አበጠ። ገደሉን ወርደን ስናይ ቤቷ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተከፍታለች፤ የማይክሮስኮፑን መስታወት ከማሽላው ለቅሞ መለየት አልተቻለም።

ጽጽቃ በባዶዋ ፒካፕ ስንደርስ ሰው ከጤና ጣቢያው አጥር እስከ መንገዱ ተቀምጧል። ከፃግብጂ ሳይቀር በልጆቻቸው እጅ እየተመሩ የመጡ ነበሩ። እማዬ ፀጉሯን ታጥባ፣ አንተ የላክህላትን ሻሽ አስራ ከፊት ነበረች። ኮቴዬን ለየችና “ቤቲቱ መጣች?” አለችኝ። “ቀርታለች” አልኳት። “የት?” ስትለኝ እኔ፣ መልስ አታጣም የምትሏት እህትህ፣ ሻሿን ማስተካከል ያዝኩ።

ዶክተሯ ለእያንዳንዱ ሰው በእጅ ባትሪ ዓይኑን አየችለት። የእማዬ ቀኝ ዓይን ብርሃንም አይለይም፤ እሱ አልፏል አለች። ግራው ግን ሊድን ይችላል፤ ሞራው ከሚገባው በላይ በስሏልና ክረምት ሳይገባ ካልተሠራ እንደ ቀኙ ይሆናል አለች። ሌላ ማይክሮስኮፕ የላቸውም፤ በማግስቱ ሄዱ። ሰውም በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

አሁን ደግሞ የሽማግሌዎቹን ፍርድ ስማ። የአያ ጓንጉል ደም ስለፈሰሰ እርቅ ያስፈልጋል ተባለ። ማን ማንን ይቅርታ የጠየቀ ይመስልሃል? ምሳው! ያበጠ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አያ ጓንጉል እግር ላይ ወደቀ። እሳቸውም በትልቅ ልብ ማሩት። ከዚያ ወዲህ ወሬውን ባወሩት ቁጥር ሹፌሩ ፈጣን፣ ቤቷ ደካማ፣ ጭነቱ ግን ልክ ይሆናል። ባለፈው እሑድማ ጆንያው ወደ ኋላ ባይዛወር ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር ሲሉ ሰማኋቸው። ሰዉም አመሰገናቸው።

እማዬ አንድም ሰው አልወቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወንድምሽ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ልደውልለት ብዬ ነበር፣ ኔትወርክ የለም አልኳት። “እሱ ቢሰማማ ያስቆማቸው ነበር” አለች። እውነቱን አልነገርኳትም። ላንተ ብዬ አይደለም፤ ለእሷ የቀራት ነገር ጥቂት ስለሆነ ነው።

አያ ጓንጉል ጸበል ትጠመቅ፣ ሐኪሞቹም ለከርሞ ይመጣሉ ብለው ወስነዋል። ጸበሉን አልጠላሁም፤ ግን ክረምቱ የእሳቸውን ውሳኔ አይጠብቅም። ዶክተሯ ደሴ ይዤያት ከመጣሁ እንደምትሠራላት በስልክ ነግራኛለች። ስለዚህ እማዬን ሰቆጣ ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ አምጥቻታለሁ፤ ማክሰኞ ንጋት አውቶቡስ እንሳፈራለን። ለመሳፈሪያ ቀንደ ሰፊዋን ፍየል ሸጫለሁ። ለአያ ጓንጉል ጅብ በላት ብያቸዋለሁ፤ አዝነው ጅቡን ረግመውልኛል። ፈተናዬ በዚያው ሳምንት ነው፤ ፈተና ለከርሞም ይመጣል።

ፈቃድህን እየጠየቅኩህ እንዳይመስልህ። አያ ጓንጉል ማክሰኞ ጠዋት ያጡንና ይደውሉልሃል፤ ሴት ልጅ ሽማግሌ ደፈረች፣ መልሳት ይሉሃል። ያን ጊዜ የምትመልሰው ለእሳቸው ነው እንጂ ለእኔ አይደለም፤ የእኔ ስልክ ይዘጋል። የዓይኗ ፋሻ ሲፈታ እማዬ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ፎቶህን እንደሆነ አውቃለሁ። አሳያታለሁ። የቀረውን ግን ለእሷ የምትነግራት አንተ ነህ።

እማዬ ወገብህን በሙቅ ውሃ እንድታሸው ብላለች። ትንሿ እህታችን ዝናሽ ጽጽቃ ከፍየሎቹ ጋር ናት፤ ጫማ እንዳትረሳ፣ ቁጥሯም እንዳደገ ንገሪው ብላለች። አከራዬ እትዬ ደብሬ ባታውቅህም ሰላም ትልሃለች፤ የፍየሏን ጉዳይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቄስ ወልደ ጻድቅ ይባርኩሃል። አያ ጓንጉልም ጨዋ ልጅ ነው ብለው ሰላምታ ልከውልሃል።

እህትህ ፍቅርአዲስ
ሰቆጣ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.