ባሮኔትነቱን ስላለመፈለጌ፤ ከታችኛው ብራከንደን ለላይኛው

ለክቡር ሰር ላየነል ብራከንደን፣ አሥራ አንደኛው ባሮኔት፤

ሪህዎ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ከመዛወር በቀር የከፋ ጉዳት እንዳላደረሰብዎ፣ ጣሪያዎም የሚያፈሰው በዝናብ ቀን ብቻ እንደሆነ ተስፋ በማድረግ፣ እኔ ከድሃው፣ ከታችኛው የብራከንደን ዘር የምወለድ የመንደሩ ሉካንዳ ባለቤትና የሴት ልጆች ብቻ አባትና አያት ኢኖክ ብራከንደን፣ በአውራጃችን ጋዜጣ በኩል የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ምስጋናዬም በተራ ይኸውና።

፩. በስማችን ለወንድ ወራሽ ብቻ የሚተላለፉ ሦስት ማዕረጎች እንደነበሩ ሳይሰለቹ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ባሮንነቱ ወንድ ወራሽ አጥቶ ጠፋ፤ የቢራ ጠማቂዎቹ ዘመዶቻችን ባሮኔትነትም እንደዚያው ከሰመ፤ የቀረው፣ ንጉሡ ገንዘብ በቸገራቸው ዘመን ለአያቶችዎ የሸጡት፣ «ሰር» የሚያሰኝዎ የእርስዎ ባሮኔትነት ብቻ ነው።

፪. በመከር በዓል ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እናንተ የታችኞቹማ ስማችንን ከመቃብር ድንጋይ ላይ ነው የቀዳችሁት!» ብለው ስላሳቁብኝ እጅ እነሣለሁ። ቄሱ እንኳ ሻያቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ።

፫. ስለ ብቸኛ ልጅዎ ስለ ሄስተር ደግሞ ምስጋና ያጥረኛል። በጎችዎን የምታዋልድ፣ ጣሪያዎን የምትደፍን፣ አገጭዎን የምትጠርግ እሷ ሆና ሳለች፣ «ጥሩ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ያደርጋል ሴት ሆንሽ» ብለው፣ ቤቱና መሬቱ ማዕረጉን በመዝገብ ለሚያስጽፍ ወንድ ብራከንደን እንዲሆን፣ እንዲህ ያለ ወንድ ከጠፋ ብቻ ለእሷ እንዲተርፍ ተናዘዙ። ይህን ያህል የተጨነቀ አባት በአውራጃው የለም።

፬. ወንዱን ፈልጎ እንዲያገኝ ከለንደን የዘር ሐረግ አጣሪ ስላስመጡልን ደስታዬ ወሰን የለውም። ሰውዬው እጄ ቋሊማ ውስጥ እንደተነከረ መጥቶ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፤ በምድር ላይ የቀሩት ወንድ ወራሽ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ባለቤቴ ሜብል ከጓዳ ሆና፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ሰር ልትባል ነው? መጀመሪያ ካልሲህን ከወለሉ ላይ አንሣ!» ስትል ጮኸች። ክቡርነትዎ ዜናውን ሲሰሙ አልጋ ላይ መውደቅዎን ሰምቼ፣ ቶሎ እንዲሻልዎ የበግ ኩላሊት ልኬ ነበር።

እንግዲህ ሐሳብ እንዳይገባዎ ውሳኔዬን በትሕትና አሳውቃለሁ። ባሮኔት ሲሞት ወራሹ ማስረጃ አቅርቦ ካላስጻፈ በቀር ስሙ መዝገብ እንደማይገባ አጣሪዎ በደግነት አስረድቶኛል። እኔም አላስጽፍም። የእርስዎ ጊዜ ሲደርስ ኮፍያዬን አውልቄ ከቀብርዎ እመለስና ሉካንዳዬን እከፍታለሁ። ማዕረጉ ይተኛል፤ ከእኔ በኋላም የሚቀሰቅሰው ወንድ አይኖርም፤ ቤቱም ሙሉ በሙሉ የሄስተር ይሆናል። ኑዛዜውን ለመለወጥ ቢያስቡ መብትዎ ነው፤ ሆኖም ቤቱ ከስሙ እንዳይወጣ በአያቶችዎ አጥንት ስለማሉ፣ ከእሷና ከእኔ ሌላ ብራከንደን ይፈልጉ። ውሻዎ ወንድ ነው፤ ግን ዘሩ ከእርስዎ ይልቅ የጠራ ስለሆነ ማዕረጉን ዝቅ ብሎ የሚቀበል አይመስለኝም።

አሥራ ሁለተኛ ባሮኔት ላለመሆን በኩራት የቆረጠው፣ ለመጨረሻው ባሮኔት ዝቅ ብሎ የሚሰግደው፣

ኢኖክ ብራከንደን፣ ሥጋ ሻጭ

ማሳሰቢያ፦ ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ጋዜጣውን ጮክ ብላ የምታነብልዎ ሄስተር መሆኗን አውቃለሁ። እዚህ ድረስ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ከደረሰች፣ ከዛሬ ጀምሮ ሾርባዎ የሚሞቀው በወደፊቷ የቤቱ ባለቤት በጎ ፈቃድ ነውና፣ አመስግነው ይጠጡ።