ግመል ማስገባት የተከለከለበት የግመል ወቅት

ለተከበሩ አቶ ሙህዲን አብዱልጀባር
የጨፋ ሸለቆ ወቅታዊ መስህቦች ማስተባበሪያ ኃላፊ
ከሚሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

አቶ ሙህዲን፣ ዘንድሮ ከማሳዬ ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ አንድም ግመል ላለመታየቱ ተጠያቂ የማደርገው እርስዎን መሆኑን ገና ከመነሻው የምገልጽልዎ በታላቅ አክብሮት ነው። ይህን ካልኩ ዘንዳ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በየስብሰባው ይዘውት የሚዞሩት ያ ግድግዳ ላይ ምስል የሚያበራ መሣሪያዎ ደህና ናቸው ወይ? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ወገብዎን ከሕመም፣ መኪናዎን ከጨፋ ጭቃ ይጠብቅልዎ። በዕድሜ የበኩር ልጄ እኩያ ቢሆኑም፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ አንተ ለማለት አንደበቴ ስለማይታዘዝልኝ እስከ መጨረሻው እርስዎ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አባቴ ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ሲልክ እኔን ጥጃ ጠባቂ ስላደረገኝ፣ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ፣ ነኢማ ከምትባል ወጣት መምህርት ዘንድ ጉልበቴ በማይገባበት ጠባብ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ እንደ እርስዎ ሪፖርት ባያምር ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ያላየሁትን አየሁ ብሎ መጻፍ ገና አልተማርኩም።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ባለፈው መስከረም የጨፋን ሰው በአዳራሽ ሰብስበው ዓለምን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስላሳዩን ባለውለታዎ ነኝ። ከኮምቦልቻና ከባቲ ወዲያ መንገድ የማላውቅ ሴት፣ በእርስዎ ደግነት ጃፓን ደርሼ የአበባው ወቅት ሲገባ ሕዝቡ ምንጣፉን ይዞ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ አየሁ። ሆላንድ ሄጄ ሜዳው ሁሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ አየሁ። ኖርዌይ በሚሉት አገር ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሰማዩ አረንጓዴ እስኪሆን ሲጠብቅ አየሁ። በካናዳ ቅጠል ሲረግፍ ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል ሲሉን፣ ጎረቤቴ ዘይና ከኋላዬ ሆና «ቅጠል ሲረግፍ ለማየት? ወላሂ ከእንግዲህ ጓሮዬን አልጠርግም፤ ይምጡ!» ብላ አዳራሹን በሳቅ እንዳናወጠችው ያስታውሳሉ። እርስዎም ስቀዋል፤ ሲስቁ ያምርብዎታል፣ ቢደጋግሙት መልካም ነበር።

ቀጥሎ በኬንያ ያ ፂማም የዱር አውሬ በሺህ በሺህ ሆኖ ወንዝ ሲሻገር አሳዩንና ትንፋሻችንን ዋጥን። ከዚያ ምስሉ ተቀየረና የራሳችን ጨፋ መጣ፦ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ረግረጉ እንደ መስተዋት ሲያበራ፣ በመካከሉ ግመሎች ቆመው። «እኛም ወቅት አለን!» አሉ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፤ ግመሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁና። የአፋር ወዳጄ የዓሻ ግመሎች ነበሩ።

ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ሌላ የሚያነብ ቢኖር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቆላው ሲደርቅ አፋሮች ከታኅሣሥ ጀምሮ ግመላቸውንና ከብታቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ረግረግ ይመጣሉ። እኛ ማሽላችንን አጭደን አገዳውን እንተውላቸዋለን፤ እነሱ ፍጉን ለመሬታችን ይተዉልናል፤ ቆላው ዝናብ ሲያገኝ ይመለሳሉ። የዓሻ ቤተሰብ የሚሰፍረው ከማሳዬ ግርጌ፣ ወደ ቦርከና በሚወስደው የወል ሜዳ ላይ ነው። እናቷም እዚያው ትሰፍር ነበር፤ እናቴም እንደ እኔ አገዳዋን ትተውላት ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ማለት ከተፈቀደልኝ፣ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ያለ ቁጥር የቀረበ ነገር በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይነበብ ተነግሮኛልና።

አንደኛ፦ የመመልከቻ ሥፍራዎን የሠሩት ፎቶ አንሺው በቆመበት ቦታ ሳይሆን ግመሎቹ በቆሙበት ቦታ ላይ ነው። ፎቶውን በእጅዎ ይዘው መጥተው «ግመል የሚታየው እዚህ ነው» ሲሉ፣ መሐንዲሱም ጣትዎን ተከትሎ እዚያው ችካል ሲተክል፣ እኔ አጥሬ ላይ ተደግፌ አይ ነበር። ዓሻ የሰሌን ጎጆዋን በምትተክልበት ላይ ባለ ቆርቆሮ ማማ፣ ግመሎቿ በሚንበረከኩበት ላይ የመኪና ማቆሚያ፣ ወደ ውሃ በሚወርዱበት መንገድ ላይ ደግሞ የእንግዶች መጸዳጃ ቆመ፤ ዙሪያውንም በሽቦ ታጠረ። ጃፓኖች ዛፉን ቆርጠው በጉቶው ላይ የአበባ መመልከቻ ሠርተው እንደሆነ ባያሳዩንም፣ የተማረ ሰው ሳያሳይ የሚያስቀረው ነገር ይኖራል ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛ፦ በር ላይ ያስተከሉት ሰሌዳ። «የግመል ወቅት መመልከቻ ሥፍራ» ይላል በትልቁ፤ ከሥሩ «ግመል ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ራሴን ተጠራጠርኩ። በእርጅና የተማረ ሰው የመጀመሪያው ጥርጣሬ ወደ ራሱ ነው። ነኢማን ከትምህርት ቤት ጠርቼ እፊቷ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «በትክክል አንብበሻል እማ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለችኝና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እያለቀሰች መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ጥበቃውን ሙሳን ብጠይቀው «ኃላፊው ግመል አጥር ያበላሻል ብለዋል፣ እኔ ምን ላድርግ እናቴ» አለኝ። አጥሩ በእርግጥ አልተበላሸም፤ ስለዚህ ስኬትዎ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

ሦስተኛ፦ የሲሚንቶዋ ግመል። አንገቷ የዝይ፣ ፊቷ የበግ፣ ሻኛዋም ከኋላዋ ተጭኖ የወረደባት ይመስላል። ዘይና ባየቻት ቁጥር «አላህ ያሽርሽ» ብላት ታልፋለች። ይሁንና በዚህች ግመል ላይ ክፉ አልናገርም፤ ሰሌዳዎን ንቃ የገባች ብቸኛዋ ግመል እሷ ናትና።

አራተኛ፦ እንግዶችዎ። ሰው በእውነት መጣ፤ ይህን አልክድም፤ ማስታወቂያዎ ጥሩ ነበር። ማንበብ ስለምችል ነው ብለው ለእኔም ጽሑፍ ያለበት አረንጓዴ ሰደርያ አለበሱኝና በር ላይ አቆሙኝ። ለሚመጣው ሁሉ፣ ተስፋ ቆርጦ እንዳይመለስ፣ «ግመሎቹ ነገ ይመጣሉ» እንድል አዘዙኝ። አልኩም፤ እኔም ይመጣሉ ብዬ አምን ነበርና። ከሩቅ አገር የመጡ አንድ ባልና ሚስት ቃሌን አምነው በማግስቱም ተመልሰው መጡ። ከማማው ላይ ተቀምጠው በመነጽር ሜዳውን ሲፈልጉ ውለው፣ ሲመሽ ላሜን ቡሬን ከፊት ከኋላ ፎቶ አንስተው ሄዱ። ሴትየዋ ስትሰናበተኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ እጄን ይከብደኛል። ቡሬም ከዚያ ወዲህ መኪና በሰማች ቁጥር መጋጧን ትታ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ትቆማለች፤ ወተቷም ቀንሷል።

አምስተኛ፦ ይህንንም በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ዓሻ በየዓመቱ ወደ ቆላ ስትመለስ የወተት ዕቃዋን እኔ ዘንድ ትታ ትሄዳለች። ዕቃው ካለ ባለዕቃዋ ትመጣለች፤ በመካከላችን ያለው ውል ይኸው ነው፤ ማኅተም የለውም። ዘንድሮ ታኅሣሥ አለቀ፤ ጥር ገባ፤ አገዳዬ ማሳው ላይ ቆሞ ምስጥ ይበላው ጀመር። ከዚያ አንድ የጨው ነጋዴ ቤቴ መጥቶ «ዓሻ ዕቃዬን ላኪልኝ ብላለች» አለኝ። ለእሱ አልሰጠሁትም። ሰኞ ለባቲ ገበያ በሚኒባስ ተሳፍሬ ራሴ ይዤው ሄድኩ።

ግመል ተራው ጥግ አገኘኋት። ከስታለች። እኔ ሳልነግራት አጥሩን፣ ማማውን፣ መጸዳጃውንም ሳይቀር ታውቃለች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ሣሩ፣ ስለ ውሃውና ስለ ሰላሙ የሚጠያየቁትን ዳጉ የሚሉትን ወግ ያውቁ ይሆናል። የእርስዎ ማስታወቂያ አዲስ አበባ ሳይደርስ፣ የእርስዎ ሽቦ ወሬ በዳጉ ቆላውን አዳርሶ ነበር። «ከአጥሩ ውጭም ሜዳ አለ፣ ነይ እንጂ» ብላት፣ «ሜዳው አለ፤ የውሃ መውረጃው ግን አጥሩ ውስጥ ነው። ግመሌን በባጃጅ ላድርሳት?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ እንዲህ አለችኝ፦ «ደግሞ ሰው ማማ ላይ ተሰቅሎ በመነጽር ያየናል አሉ። ልጄ የሰው ሚስት ናት፤ ከውሃ ስትወጣ ማንም ተሰቅሎ አያያትም። ኃላፊያችሁ እኛን ማየት ካማረው ለምን መጥቶ አይቀመጥም? ወተት እንሰጠዋለን፤ ስለ አገሩ እንጠይቀዋለን፤ እሱም ይጠይቀናል።»

ዘንድሮ የከረመችው ውሃው ጨው ጨው በሚልበት ወንዝ ዳር ነው። ሁለት የግመል ግልገሎች ሞተውባታል። ዕቃዋን ተቀበለችኝ፤ ውስጡን አሽትታ «በደንብ ይዘሽልኛል» አለችና ግመሏ ላይ አሰረችው። ለከርሞ እንገናኛለን አላለችኝም፤ እኔም አላልኳትም። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎኔ የተቀመጠው ሰው ስልኩን ከፍቶ የእርስዎን ማስታወቂያ ያይ ነበር። የዓሻ ግመሎች ናቸው፤ ፀሐይዋም ያቺው ናት፤ ከሥራቸው «ይምጡና ይመልከቱ» የሚል ተጽፎባቸዋል።

ክቡር ሆይ፣ ያቀረብኩት ሁሉ መፍትሔ የሌለው ሆኖ እንዳያስጨንቅዎ፣ አንድ ነገር ላስታውስዎ። ፎቶ አንሺው የቆመበት ጉብታ ከመንገዱ ማዶ አሁንም ባዶውን ነው። ከዚያ ላይ ሜዳው ሁሉ ይታያል፤ የውሃ መውረጃው ደግሞ በዛፎች ስለተጋረደ የማንም ሚስት አትታይም። የቆርቆሮ ማማ ተነቅሎ ይተከላል፤ ሽቦም ይጠቀለላል፤ ማሽላው ከመታጨዱ በፊት ለመጨረስ የኛ ሰፈር ሰው ያለ አበል እንደሚያግዝዎ ዘይናን ምስክር አድርጌ ቃል እገባለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰኞ መሣሪያዎን ቤት ትተው ወደ ባቲ ይውረዱና ለዓሻ ራስዎ ይንገሯት። የእኔን ቃል ከእንግዲህ የምታምን አይመስለኝም፤ የቆምኩት የእርስዎ በር ላይ ነበርና።

ላሳዩን የዓለም ውበት ሁሉ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ጃፓንም ሆላንድም ኬንያም ወቅታቸውን ሳያጥሩ እንዴት እንዳቆዩት ጠይቀው በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያስረዱን በትሕትና እለምናለሁ።

እርስዎን ላስቀይም ሳይሆን ላስታውስ የጻፍኩ፣ የአጥርዎ ጎረቤት፣ አረንጓዴ ሰደርያዎን አጥቤና አጣጥፌ ለሙሳ ያስረከብኩ፣ መልካሙን ሁሉ የምመኝልዎ፣

ዓዲላ ኸይረዲን
(ፊርማ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

ግልባጭ፦
ለጥበቃው ለሙሳ፣ በሩ ላይ
ለሲሚንቶዋ ግመል፣ ባለችበት
ለግመሎቹ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ላሽገው ስል ከጽሕፈት ቤትዎ ሰው መጥቶ፣ ለከርሞው ማስታወቂያ በባህል ልብስ አጊጬ ከሲሚንቶዋ ግመል ሥር ቁጭ እንድልና ሳልባት ፎቶ እንድነሣ ጠየቀኝ። ስለታሰብኩ አመሰግናለሁ፤ ሳልባት ምን እንደምትሰጠኝ ግን ቢያንስ መሐንዲሱን መጠየቅ ነበረብዎ። ፎቶውን አልነሣም። ግመሎቹስ የት ሄዱ ብሎ ቤቴን ለሚያንኳኳ እንግዳ ሁሉ ወንበር ሰጥቼ የሆነውን አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ፤ «ነገ ይመጣሉ» ግን ከእንግዲህ አልልም።