ሁለት ጣት ክፍተት

ለልጄ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ ጤናህ የተሟላ፣ ሥራህም የቀና እንዲሆን እመኛለሁ። ባለቤትህ እንዴት ናት? ሕፃኗስ? ጥርስ አበቀለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰማሁ አትጠይቀኝ። እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ያስለኛል፣ የአቧራ ነው።

እናትህን ከቀበርን ስምንት ወር ሆነ። አንተ አልጻፍክልኝም፣ እኔም አልጻፍኩልህም። ግትርነቱን ከማን እንደወረስከው ስለማውቅ አልወቅስህም። ፊደል የቆጠርኩት የሲሚንቶ ከረጢት እያነበብኩ ስለሆነ ረጅም ነገር መጻፍ አይሆንልኝም። ዛሬ ግን መርዘሙ አይቀርም። ከመሠረቱ ካልጀመርኩት ይጣመምብኛል።

መሠረቱ የባለሱቁ ሕንጻ ነው፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው ባለ አራት ፎቅ። ባለሱቁ ሁለታችንንም ጠርቶ የውጭ ግድግዳው ምን ይልበስ ሲል ጠየቀን። እኔ ጥርብ ድንጋይ አልኩ፤ በሲሚንቶ ጥርቅም ተደርጎ የሚለጠፍ። አንተ የብረት ዘንግ ግድግዳው ላይ ይታሰርና የሲሚንቶ ሰሌዳ ይንጠልጠልበት፣ በሰሌዳውና በግድግዳው መካከል ሁለት ጣት ክፍተት ይተው አልክ። “ዝናብ ሾልኮ ቢገባ በክፍተቱ ወርዶ ይወጣል። ግድግዳው ይተንፍስ አባዬ” አልከኝ። እኔም በሰው ፊት “ግድግዳ ሳንባ የለውም” አልኩህ። ባለሱቁ ሳቀ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። የሳቁት በአንተ ነበር። ሥራውን ግን የሰጠው ለአንተ ነው።

በዚያው ሳምንት የራሳችንን ቤት ድንጋይ ማልበስ ጀመርኩ። ቤቱ በኖራ ተለስኖ ሠላሳ ዓመት ደህና የኖረ ቤት ነበር። እናትህ “ምን ጎደለው?” አለችኝ። “ያምራል” አልኳት። እውነቱ እሱ አልነበረም። ያኔ የተከራየኸው ቤት ከእኛ በላይ ስለነበር፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወርድ፣ ማታ ስትወጣ እንድታየው ነበር። አራቱንም ጎን አለበስኩት። ከድንጋዩ ጀርባ መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ አልተውኩም። በላዩ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ደረብኩበት። ዝናብ ሲመታው እንደ ታጠበ ሳህን ያበራ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመህ “አባዬ፣ ከመሬት የሚመጣው እርጥበት በየት ይወጣል?” አልከኝ። “በመጣበት ይመለስ” አልኩህ።

እናትህ ማሳል የጀመረችው በሁለተኛው ክረምት ነው። ምን ሆነሽ ስላት “ትንሽ ያስለኛል፣ የአቧራ ነው” ትል ነበር። ሐኪም ቤት የወሰድናት ቀን አንተ ውጭ ቆመህ ስለነበር ውስጥ የተባለውን አልሰማህም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሐኪሙ አዳምጧት ሲያበቃ “ቤታችሁ እርጥበት አለው እንዴ? የምትተኛበት ክፍል?” ብሎ ጠየቃት። እሷን ነው የጠየቃት። የመለስኩት እኔ ነኝ። “የእኔ ቤት?” አልኩት። “የእኔ ቤት ጠብታ አታስገባም። በእጄ ነው ያለበስኩት።” ሐኪሙ ወደ እሷ ዞሮ ጠበቀ። እናትህ ጫማዋን ትመለከት ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። ሐኪሙም መድኃኒት ጻፈላትና ወጣን።

ስንመለስ በመንገድ ላይ ድንጋዩ ይነሳ አልከኝ። ይህን ግድግዳ የነካ ልጄ አይደለም አልኩህ። የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ዕቃህን ጭነህ ከተማ ቀየርክ። በቀብሯ ቀን ስትመጣም ከእኔ ጋር አላወራህም። ክፍሏ ገብተህ ግድግዳውን በመዳፍህ ነካኸው፣ መዳፍህን አየህና ወጣህ። ከበሩ ላይ አይቼሃለሁ። ያን ጊዜ በጣም ተናደድኩ። ሰው እናቱ በተቀበረችበት ቀን የአባቱን ሥራ ይመረምራል ብዬ ስምንት ወር ሙሉ ሳብሰለስለው ኖርኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ማንኮራፋቴ እናትህን እንቅልፍ ስለሚነሳት እኔ ሳሎን እንደምተኛ ታስታውሳለህ። የእሷ ክፍል የኋላው፣ ዝናቡ የሚመታው ነው። ከሞተች ወዲህ በሩን ዘግቼው ነበር። ባለፈው ወር ልብሶቿን ለሚለብስ ሰው ልስጥ ብዬ ገባሁ። አልጋዋ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል። ማን እንዳንቀሳቀሰው አላውቅም፤ የአልጋው እግር ግን ወለሉን አጎድጉዶታል፣ የትናንት አይደለም። አልጋው ራስጌ በኩል የሰቀለችው ትልቁ ጥልፍ ጨርቅ ነበር፣ ወፎች ያሉበት። ጠርዙን ይዤ ሳወርደው ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለነበር እየተላጠ መጣ።

ከጀርባው ያለው ጥቁር ነው ልጄ። ሻጋታው ከወለል እስከ ደረቴ ይደርሳል። ግን ዝም ብሎ ጥቁር አይደለም። ታጥቧል፣ ተፍቋል፣ በላዩ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ከቀለሙ ሥር ደግሞ እንደገና ጠቁሯል። ቀለሙን በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። አራት እጅ ነው። አቀባቡ ከላይ ወደ ታች፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ አዲስ ተጋቢ ሳለን እኔ እንዳስተማርኳት። ከአልጋው ሥር ጣሳውንና ብሩሹን አገኘሁ። ብሩሹ በደንብ ታጥቦ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

ያ ጣሳ የእኔ ነው። ሲራመድ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ሠራተኛው ሁሉ “ውሃ ልክ” የሚለውን የሥራ ጓደኛዬን ታስታውሰዋለህ። ከዕቃ ማስቀመጫዬ አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ሲጠፋ ከእሱ ሌላ ማንም አይገባም ብዬ ሌባ ያልኩት እሱን ነበር። እናትህ “ተወው፣ ጣሳ ቀለም ምን ያህል ነገር ነው” ስትለኝ የሌባ ጠበቃ አልኳት። ከእሱ ጋር ሁለት ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል።

ጣሳውን ይዤ ሄድኩ። ውሃ ልክ በሩን ከፍቶ እኔን አየ፣ ጣሳውን አየ፣ ተቀብሎ ወዘወዘው።

“ሁለት ዓመት ሌባ ብለኸኝ ባዶውን ልትመልስልኝ መጣህ?” አለኝ።

“ቤቴ ነው የተገኘው” አልኩት።

“ታዲያ ማን ወሰደው?”

“እሷ።”

ገብቶ ኮቱን ለብሶ ወጣ። “መሮ አለህ ወይስ የእኔን ልያዝ?” ብቻ ነው ያለኝ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። እሱም አልጠበቀም፤ ያውቀኛል።

የኋላውን ግድግዳ ስናፈርስ ስድስት ቀን ፈጀብን። አንዱ ድንጋይ ከጠዋት እስከ ምሳ ተመቶ አልላቀቅም አለ። ውሃ ልክ መዶሻውን አስቀምጦ “ምን በድሎህ ነው እንዲህ የለጠፍከው? ባለቤቱን ነው የመሰለው” አለኝ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ወዲያው ሳል አቋረጠኝና ግቢው ጥግ ቁጭ አልኩ። ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ልስን በእጅ እንደ ሊጥ ይዛቅ ነበር። ባዶውን ሁለት ሳምንት ፀሐይ መትቶት እንኳ መሐሉ አሁንም አልደረቀም።

ከዚያ ወደ ባለሱቁ ሕንጻ ሄድኩ። የማያስፈልገኝን የበር ቁልፍ ገዛሁ። “መጋዘን ገብቼ ጥሩውን እኔው ልምረጥ” አልኩት። ባለሱቁ “የሰው ሥራ ልትሰልል ነው እንጂ ቁልፍ ምን ይሠራልሃል” ብሎ ፊቴ ላይ ሳቀብኝ። ግን አስገባኝ። ዝናብ በሚመታው ጎን ያለውን ግድግዳ ከካርቶኖቹ ጀርባ እጄን አስገብቼ በመዳፌ ነካሁት። መዳፌንም አየሁት። ለባለሱቁ ምንም አላልኩትም። ለአንተ ግን መንገር አለብኝ፤ ደረቅ ነው።

አሁን ግድግዳው ራቁቱን ነው፣ ምን እንደማለብሰው አልወሰንኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ቤት ስመርጥ ኖሬ ለራሴ መምረጥ አቃተኝ። ገበያ ወርጄ አንድ በአንድ አየሁ። እንጨት ለመኖሪያ ያምራል፤ ግን በየጊዜው የሚቀባው ሰው ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ መሰላል ላይ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ቆርቆሮ ለመጋዘን ይሆናል። ለዚያ ክፍል አይሆንም፤ ዝናብ ሲወርድበት ጩኸቱ እናትህን አያስተኛትም። መስታወትና አሉሚኒየም ደንበኛ ለሚጠራ ሕንጻ ነው፤ እኔ የምጠራው ደንበኛ የለኝም። ስስ ሸክላም አለ፣ በሲሚንቶ የሚለጠፍ። በሲሚንቶ የሚለጠፍ ነገር አልፈልግም። መጨረሻ ላይ ያንን የአንተን ሰሌዳ አነሳሁት። ቀላል ነው። ቀላል ነገር ሳልንቅ በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ሻጩ “አባት፣ ለየትኛው ሕንጻ ነው?” አለኝ። ለአንዲት ክፍል ነው አልኩት። ሳልገዛ ወጣሁ።

ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል። ውሃ ልክ ባልዲ ሙሉ ሲሚንቶ በጥብጦ “እስኪወሰን በልስን እንዝጋው” ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። ላስቲክ ወጥረንበታል። ላስቲኩ ንፋስ ሲመታው ይጮኻል። ሰምቶ የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል ብዬ አሁን በዚያ ክፍል የምተኛው እኔ ነኝ። አልጋውን አልነካሁትም፤ እሷ ባቆመችበት፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ነው። ውሃ ልክ “ይህ ክፍል ለጤነኛም አይሆንም፣ ውጣ” ይለኛል። የራሱን ቤት ይጠብቅ።

ይህን የጻፍኩልህ ልለምንህ እንዳይመስልህ። ለምኜ አላውቅም። የሥራ ጥያቄ ነው። ሰሌዳውን ከገዛሁ በኋላ ብረቱን ራሴ አስራለሁ። ግን ያኔ ባለሱቁ ፊት ሁለት ጣት አልክ እንጂ በማን ጣት እንደሆነ አልነገርከኝም። የእኔ ጣት በድንጋይ ስለተቀጠቀጠ ወፍራም ነው። የአንተ ቀጭን ነው፣ የእናትህን ጣት ነው ያወጣኸው። ይህ ደግሞ በወረቀት የሚለካ ነገር አይደለም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መለካት አለበት።

የገዛሁት ቁልፍ ሥራ የለውም፣ በሩ ላይ አላደረግሁትም። በሩ ክፍት ነው።

ፈጣሪ ቤትህን ይጠብቅልህ። ሕፃኗን ያሳድግልህ። የምትተኛበትን ግድግዳ ዘወትር በመዳፍህ ንካው። እጅህ ከክፉ ይጠበቅ፤ ጥሩ እጅ ነው፤ በልጅነትህ መሮ ስትይዝ ጀምሮ አውቀው ነበር፣ አልነገርኩህም።

አባትህ