ከግራ የሚመጣው ሸራ

ማክሰኞ

ባሌ ናሆም ዛሬ የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን መኪናችን በሚጎትተው ትሬለር ገጭቶ ጣለው። በጠራራ ፀሐይ። ሳጥኑ እኛ ዳላስ አጠገብ፣ ሳክሲ፣ ቤት ሳንገዛ ጀምሮ እዚያው የቆመ ነው። ወርዶ አየውና ሳቀ። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ባለፈው ሳምንት የጋራዡን በር ጠርዝ ገጭቷል። ሁለቱም በግራ በኩል።

ለማንኛውም፣ ስንጠብቀው የነበረው መልእክት ከሰሜን መጣ። የሐይቁ በረዶ ወፍሯል፤ ውድድሩ ዓርብ ይጀመራል። ናሆም ጋራዡ ውስጥ ዘለለ። እዚህ ሰው በቁምጣ ውሻውን ያንሸራሽራል፤ እኛ ወፍራም ካልሲ እንፈልጋለን። ጎረቤታችን ስለ ሳጥኑ አልተቆጣም። በየዓመቱ የሚጠይቀውን ጠየቀን እንጂ፦ «ይህን ነገር የምትነዱበት ሐይቅ የት ነው?»

እውነትም ለቴክሳስ የሚሆን ነገር አይደለም። ዲቪ ደርሶን መጀመሪያ የገባነው ሚኒሶታ ነበር። የናሆም የሥራ ባልደረባ አንድ ቅዳሜ በበረዶ የረጋ ሐይቅ ላይ ወሰደን። በረዶ ላይ የምትነዳ፣ ሸራ ያላት፣ ከሥሯ ሦስት የብረት ስለት የተገጠመላት፣ አንድ ሰው ብቻ ተንጋሎ የሚገባባት ጠባብ ጀልባ። ንፋስ ሲይዛት የሃይዌይ መኪና ትቀድማለች። ፍሬን የላትም። ናሆም ያኔውኑ አበደ፤ እኔ በዓመቱ ተከተልኩት። ወደ ዳላስ ስንመጣ ብርዱን ትተን ሁለቱን ጀልባዎች ይዘን መጣን።

አምና የሰሜኑን ዋንጫ በመጨረሻው ዙር በአንዲት የጀልባ አፍንጫ ተቀድሞ ነው ያጣው። ዓመቱን ሙሉ ስለሱ አላወራም። ዝም ብሎ ሲሮጥ ከረመ፤ ጀልባዋን ገፍቶ ሲያስነሳ እግሩ እንዲፈጥን። ዘንድሮ ይወስደዋል። እኔም እንዲወስደው እፈልጋለሁ።

ግን ሳጥኑ።

ረቡዕ

መንገድ ላይ ነን። ይህን የምጽፈው ካንሳስ ውስጥ ነዳጅ ስንቀዳ ነው።

ልጃችንን ሊያን ከእማዬ ጋር ትተናት መጣን። እማዬ የናሆም እናት ናቸው፤ አብረውን ይኖራሉ። በሩ ላይ ቆመው ጸለዩልን። ከጸሎቱ በኋላ እጄን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝና ሊሉኝ የፈለጉትን ነገር ዋጡት። «በሉ እንጂ እማዬ» ብላቸው፣ «መንገድ ላይ ያለ ሰው አያስጨንቁም፤ ሂጂ» አሉኝ።

ኦክላሆማን እሱ ነው የነዳው። ሁለቴ ወደ ግራው መስመር ተንሸራተተ። ሁለተኛው ላይ አንድ ትልቅ ትራክ ጡሩምባውን ነፋብን፤ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል። ትራኩ ከጎኑ ነበር። ቤት የሚያህል ነገር!

«ናሆም፣ አላየኸውም?»

«ሌሊት ሠርቼ ነው የመጣሁት፤ እንቅልፍ ነው። ማለቴ፣ ትንሽ ድካም።»

ግራንድ ፕሬሪ ያለው መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነው የሚነዳው። የዕቃ መደርደሪያ ስንቴ ገጭቶ ይሆን? ጠይቄው አላውቅም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

ቁልፉን ተቀበልኩት። ከዚህ በኋላ እኔ እነዳለሁ። ሳይከራከር ሰጠኝ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ናሆም መሪ ለሰው የሚሰጥ ሰው አይደለም።

ሐሙስ

ደረስን። በረዶው ውብ ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ መስታወት የመሰለ። በመሰርሰሪያ ወግተው ለኩት፤ ይበቃል አሉ። ሐይቁ አልፎ አልፎ ከሥር ያጓራል። የለመደ ሰው አይደነግጥም። እኔ አልለመድኩትም።

የውድድሩ ኃላፊ ዴብ ናት። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት። «ቴክሳሶቹ መጡ!» ብላ አቀፈችን። እኔ የተመደብኩት ከሁለተኛው ምድብ ነው፤ ናሆም ከፈጣኖቹ ጋር።

ራት ሞቴሉ አጠገብ በላን። ናሆም ከሳህኑ ቀኝ ያለውን ሥጋ ጨረሰ፤ ግራ ያለው ድንች እንዳለ ነው። «ድንቹን ረስተውታል መሰለኝ» አለ። ለአስተናጋጇ ሊነግራት ነው! ሳህኑን በጣቴ ትንሽ አዞርኩለት። «አሃ» ብሎ በላ። ምንም አልመሰለውም።

እኔ መብላት አቃተኝ። እኔ የምሠራበት፣ ካሮልተን ያለው የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ውስጥ እንዲህ የሚሆኑ አንድ አዛውንት ነበሩ። ደም አንጎላቸው ውስጥ ፈሶ ነበር።

ክፍላችን ገብተን ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አፍንጫዬን እያየህ ጣቶቼን ቁጠርልኝ አልኩት። የቀኙን ቆጠረ። ወደ ግራው ስሄድ እጄን ገፋው።

«ራሔል፣ በቃ። እኔ ታካሚሽ አይደለሁም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ነገ ውድድር አለብኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አትጨምሪብኝ።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ጭንቅላቱ ውስጥ ነገር የምጨምርበት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ዓርብ

አንደኛውን ዙር አሸነፈ።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። የኔ ምድብ ቀድሞ ጨርሶ ስለነበር (መሃል ላይ ገባሁ፤ ይሁን) ዳር ቆሜ አየሁት። ባንዲራው ሲወርድ ሁሉም ጀልባቸውን እየገፉ ሮጡ። ናሆም ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ ገባ። ሸራዎቹ አንድ ላይ ሞሉ። ብረቱ በረዶውን ሲቆርጥ ያለው ድምፅ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ ጊዜ ሲዞሩ ቶም መጣ። ቶም ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከኔ ዕድሜ በላይ ሐይቅ ላይ የኖረ። በናሆም ግራ፣ ንፋሱ በሚሄድበት ጎን ነበር፤ በሕጉ ቅድሚያው የሱ ነው። ናሆም መልቀቅ ነበረበት። አልለቀቀም። ቀስ እያለ ወደሱ ተጠጋ፤ ባዶ ሜዳ ላይ ያለ ይመስል። ጮኽኩ። ማን ይሰማኛል? ቶም በመጨረሻዋ ቅጽበት ጠመዘዘ፤ ጀልባው እንደ እንዝርት ሾረችና ቆመች። በመካከላቸው የነበረው የአንድ ክንድ ያህል ነው።

ሁለት ሰው በዚያ ፍጥነት ቢላተም ምን እንደሚተርፍ አውቃለሁ። እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ቶም በእግሩ መጣ። አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻል ነበር። «አላየኸኝም?» አለው። ናሆም እንዳየው፣ ቦታ ያለው እንደመሰለው ነገረው። ይቅርታም ጠየቀ። ናሆም ሲዋሽ እንግሊዝኛው ይፈጥናል። ቶም ክስ አላቀረበም። ከሰዓት ንፋሱ ሞተ፤ የቀረው ዙር ለነገ ተላለፈ።

እማዬን ኮል አደረግኩ። ያ በሩ ላይ የዋጡትን ነገር እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ልጄ በግራው ቆሜ ስጠራው ፊቱ አይዞርልኝም። ድምፄን ይሰማል፣ ይፈልገኛል፣ ያጣኛል። ከገና በፊት ጀምሮ ነው። እርጅናዬ መስሎኝ ነበር፤ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ» አሉ።

«እርስዎ አልተሳሳቱም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?»

ቅዳሜ

ጠዋት መኪና ውስጥ በቀጥታ ነገርኩት። ድንቹን፣ ትራኩን፣ ሳጥኑን፣ እናቱን። እናቱን ስጠራ ዓይኑን ጨፈነ።

«የሆነ ጭጋግ ነገር አለ» አለ። «እሺ፣ አለ። ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ዛሬ ብቻ ተዪኝ። ሁለት ዙር ነው የቀረው፤ እየመራሁ ነው።»

«በግራህ ማን ይኖራል?»

«ማለት?»

«በግራህ የሚሮጠው ሰው ማነው? ቶም ነው? እሱም ሚስት አለችው።»

«አንገቴን እያዞርኩ አያለሁ። ኦኬ? እያዞርኩ።»

ሄልሜቱን ይዞ ወረደ።

መኪና ውስጥ ጸለይኩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አልጸለይኩም። የማደርገውን አውቄው ነበር፤ የፈለግኩት ሌላ ሰው እንዲያደርግልኝ ነው። ማንም አልነበረም። ወደ ዴብ ሄድኩ። ድንኳኗ ውስጥ ስም እየጠራች ነበር። «ባሌ በግራ በኩል አያይም» አልኳት። እንግሊዝኛዬ ከዚያ በላይ አልሄደም።

ዴብ አስጠራችው። ቶም ከኋላ ቆሞ ነበር። ናሆም ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ አየኝ፤ ሁሉንም ገባው። ከተጋባን አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው፤ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ዴብ አልፈተነችውም፣ አላዋረደችውም። «ሐኪም የፈረመበት ወረቀት እስክታመጣልኝ አትወዳደርም። የኔም ባል ቢሆን» አለችው።

ናሆም በአማርኛ፣ ሰው እንዳይሰማው፣ «ሸጥሽኝ» አለኝ።

ወጥቶ በበረዶው ላይ ወደ ጀልባው ገሰገሰ። እኔ ከኋላው። ጫማዬ ያንሸራትታል። «ናሆም ቆይ፣ ቆይ!» እሱ ይፈጥናል። በግራው የሌላ ተወዳዳሪ ጀልባ ቆሞ ነበር፤ ሸራው የወረደ፣ ቀይ፣ ከጎንና ጎኑ የወጣው ረጅም እንጨት እስከ ሰው ጉልበት የሚደርስ። ማንም ሕፃን የሚያየው ነገር። ቀጥ ብሎ ገባበት። በፊቱ ወደቀ።

ስደርስ አገጩ ይደማል። አልተነሳም። ተቀምጦ እንጨቱን በእጁ እየዳሰሰ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«ይሄ እዚህ ነበር?» አለኝ።

«ነበር።»

«ሙሉ ጊዜውን?»

«ሙሉ ጊዜውን፣ ናሆሜ።»

ከኋላችን ባንዲራው ወረደ፤ የሚሮጡት ሰዎች ኮቴ ተሰማ። አልዞረም። እጁን ሰጠኝ፤ አነሳሁት። ከዚያ እስከ መኪናው በግራው ሄድኩ።

እሑድ

ሆስፒታል። ትንሽ ከተማ ናት፤ አንጎል የሚያነሳው ማሽን ግን አለ። ሌሊቱን እዚሁ አደርን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ናቸው አለችን። ችግሩ ከኋላ ነው፤ ዓይን የላከውን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ላይ እብጠት ተጭኖበታል። ከአንጎሉ ውስጥ ሳይሆን ከሽፋኑ የበቀለ ይመስላል፤ እንዲህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ግን መውጣት አለበት። ቶሎ።

«አብዛኛውን ጊዜ» የሚለውን ቃል ስንቴ እንዳመነዠግኩት።

እብጠቱን የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጡት። ቀዶ ጥገናውን ዳላስ ማድረግ እንችላለን አለች፤ እሱ ግን መሪ እንዳይነካ።

ቶም ጀልባዎቻችንን ፈታትቶ ትሬለሩ ላይ አስሮ አመጣልን። ጥያቄ አልጠየቀም። ናሆምን ትከሻው ላይ መታ አደረገውና ሄደ።

ናሆም ከትናንት ጀምሮ ከሐኪሟ ጋር እንጂ ከኔ ጋር አያወራም። ማታ መብራት ላጠፋ ስል፣ «ልክ እንደነበርሽ አውቃለሁ» አለ። ልቤ ቀለል ሊል ሲል ቀጠለ፦ «ግን ዛሬ ይቅር አልልሽም። አታስቸኩዪኝ።»

እሺ አልኩት።

ሰኞ

ሌሊት ተነስቼ ቀኑን ሙሉ ነዳሁ። ትሬለር እየጎተትኩ ይህን ያህል ነድቼ አላውቅም። ካንሳስ ላይ ንፋሱ ከጎን ሲመታን ናሆም ሳያስበው እጁን ጭኔ ላይ አደረገ፤ ሲገባው አነሳው።

ቤት ስንደርስ እማዬ በሩ ላይ ነበሩ። በቀኙ በኩል ዞረው መጥተው ሳሙት። ሊያ «ዳዲ ዊን አደረገ?» ብላ ጠየቀች። «አንዱን» አላት።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። የቸርች ሰዎች ሊጸልዩ መጡ። አንዷ፣ «ድሮስ በረዶ ላይ ምን አስኬዳችሁ?» አለች። እማዬ ናቸው የመለሱላት፦ «በረዶው ምን አደረገ? ልጄን ያወጣው እሱ አይደል?»

ሐሙስ

ዳላስ፣ የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል። ከወሰዱት ቆይቷል። ከመሄዱ በፊት ፀጉሩን ከኋላ ሲላጩት፣ «አስቀያሚ ሆኜ ከቀረሁ ንገሪኝ» አለ። «ድሮም ነህ» አልኩት። አልሳቀም። ከንፈሩ ግን ትንሽ ፈገግ አለ።

እማዬ መዝሙር እያንጎራጎሩ ነው። እኔ ቃሉ አልመጣልኝ አለ። በሩን አያለሁ።

.

ሐኪሙ ወጣ። ሙሉ በሙሉ አውጥተነዋል አለ። ክፉ አይመስልም፤ የላቦራቶሪው ውጤት ግን ገና ነው። ዓይኑስ? አይታወቅም። የተወሰነው ሊመለስ ይችላል፤ ወራት ይፈጃል። ላይመለስም ይችላል። እማዬ ከዚህ ሁሉ «አውጥተነዋል» የሚለውን ብቻ ሰምተው መሬት ላይ ተንበረከኩ።

.

ገባሁ። ጭንቅላቱ ተጠቅልሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ውኃ በጥጥ አረጠብኩለት። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ቅዳሜ ንፋሱ ከየት ነበር?» አለ።

ስለዚያ ቀን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። «ከሰሜን ምዕራብ፤ ጠንካራ» አልኩት።

«ለኔ የሚሆን ንፋስ።»

«አዎ።»

«አሸንፈው ነበር፣ ራሔል።»

«ታሸንፈው ነበር።»

ትንፋሹን ሰበሰበ። ማሽኑ ይጮኻል።

«ወይ ደግሞ ቶምን እገድለው ነበር» አለ። እጄን ፈልጎ ያዘና እንደያዘው እንቅልፍ ወሰደው።

በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።