ይንጫጫል ተብሎ ስለተነቀለው የፓምፕ መቆጣጠሪያ

ለተከበሩ የውኃ መሣሪያዎች ፍተሻ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አየር የቀዘቀዘና የተረጋጋ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሰሊጥ እርሻዎቹ በሚወስደው መንገድ ካለው የጉድጓድ ውኃ ጣቢያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የትናየት ነኝ፤ ባለፈው ወር «ይንጫጫል» ብለው ያስነቀሉትን የፓምፕ መቆጣጠሪያ የሠራሁት መሐንዲስ።

፩ኛ፣ ለጆሮዎ ስላደረጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። መንጫጫቱን አልክድም። ስልቱ ስላይዲንግ ሞድ ይባላል፤ ለፓምፑ የሚሄድበት መስመር ይሰመርለትና ደመና የፀሐይ ኃይሉን ቢቀንስበት፣ አሸዋ ቢከብደው፣ ሙቀት ሞተሩን ቢያደክመው፣ መቆጣጠሪያው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። የሚንጫጫውም ለዚህ ነው። ድምፁን እንዳለዝበው ጥቂት ቀን ብለምንዎ፣ ድካሜን አስበው በማግስቱ አስነቀሉት።

፪ኛ፣ በምትኩ ስለላኩልን ዝምተኛ መሣሪያ አመሰግናለሁ። በእርግጥም ዝምተኛ ነው፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ፓምፑን አቁሞ አብሮት ዝም ይላል። በደጋ ከተማ ቤተ ሙከራ ያለ እንከን ማለፉን የሚመሰክር ማኅተም ስላለበት፣ ለተጠማ ሁሉ ማኅተሙን እናሳያለን።

ለሚቀጥለው ቁጥር መስጠት አቃተኝ። አምባው ከሚስቱ ከእመቤት ጋር ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ሰው ነበር። ቧንቧው ደርቆ ወረፋው ሲቆም፣ «እህቴ፣ አንቺ ዘንድ ውኃ የለም፤ ኩሬው ዘንድ አለ» ብሎኝ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሄደ። ጠብቅ አልኩት፤ ምን እንደሚጠብቅ ግን ልነግረው አልቻልኩም። ትውከትና ተቅማጥ ያዘው፤ ጤና ጣቢያ አድርሰነውም አልተረፈ። እመቤት ማንንም አልረገመችም። «ያ የሚጮኸው ማሽን የት ሄደ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ከቀብር መልስ መሣሪያዬን ከመጋዘን አውጥቼ ያለ ማንም ፈቃድ ገጠምኩት። ውኃው መጣ። እመቤት ቧንቧው አጠገብ ቆማ አየችው እንጂ አልቀዳችም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ጤና ጣቢያው ወለል ላይ አሁንም የተኙ አሉ። በአብደራፊ በኩል ያሉት ጉድጓዶች ዛሬም በዝምተኛው መሣሪያ እንደቆሙ ናቸው፤ ሠራተኛውም ከኩሬ እየጠጣ ነው። መሣሪያዎቹን እንድቀይር ይፍቀዱልኝ። ጥፋተኛ ነሽ ካሉኝም ያሳስሩኝና ሌላ ሰው ይላኩ፤ ብቻ የሚቀይር ይሁን።

ለጸጥታ ያለዎትን ፍቅር በመቃብር አፋፍ ቆማ የተረዳች፣ ትእዛዝዎን የጣሰችና ነገም የምትጥስ ታዛዥዎ፣

የትናየት አዛናው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልልክ ስል የመጥሪያ ወረቀትዎ ደረሰኝ። መልሼ መግጠሜን ሰምተዋል መሰለኝ፣ መሣሪያውን ለማስረጃ ነቅዬ ይዤ እንድቀርብ ያዛል። እኔ እቀርባለሁ፤ መሣሪያው ግን ሥራ ላይ ስለሆነ አይመቸውም። የሚነቅል ባለሙያ ከላኩ፣ ጀሪካን የያዙት ሴቶች ማንንም ያለ ወረፋ ስለማያሳልፉ ከኋላ እንዲሰለፍ ይንገሩልኝ።