የነፋሱ ሳጥን

ሐይቅ፣ ሐሙስ የካቲት 13

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ይማም ነፋስ ጀልባውን ገልብጦበት ሐይቁ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነው በምሠራበት የሐይቅ ዳር መዝናኛ ድረ ገጽ ላይ የነገውን ነፋስ የሚናገር ትንሽ ሳጥን፣ ዊጀት የሚባለውን፣ ያስገባሁት። ኮዱን ጽፌ የድረ ገጹ ሲስተም ላይ እስካስመዘግበው አሳሬን አይቻለሁ። አሁን የሰፈራችን ዓሣ አጥማጆች እሱን ሳያዩ ሐይቁ ላይ አይወጡም።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ሰይድ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ዘሀራ፣ ያንን ነገር አጥፊው። እንግዳ ያስፈራል።»

«የሚያስፈራውማ ነፋሱ ነው፣ ጋሼ።»

«አጥፊው አልኩሽ!»

«ሌላ ይዘዙኝ። ይህን ግን ወላሂ በእጄ አላጠፋውም።»

ወጥቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሳጥኑ ከገጹ ግርጌ ነበር። ጎትቼ ከላይ፣ ከመዝናኛው ስም ሥር አስቀመጥኩት። በየገጹ እንዲታይም አደረግኩ። ያጥፉት እንግዲህ፣ ከቻሉ!

ወደ ቤት ስገባ የይማም ባለቤት ዘሪቱ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዘሀራዬ፣ ወንድሜ ነገ ሊወጣ ነው። ምን ይላል?»

«ኃይለኛ ነፋስ ይላል። አይውጣ።»

እየሮጠች ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ነገ እባረር ይሆናል። ልባረር።