ካፒቴኑ አይሰምጥም

ለወንድሜ ለሀፊዝ፣ አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሃምዱሊላህ፤ አንተንም ባለህበት አላህ ይጠብቅህ። ከጅቡቲ "ወደ ጅዳ ለመሻገር ጀልባ ልሳፈር ነው" ብለህ ከደወልክ ወዲህ ዝም አልክ፤ ሥራ በዝቶብህ ነው።

ስማ፣ የክበባችን ልጆች አብደዋል! አሁንም እሁድ እሁድ እዚሁ ሰፈራችን ሆጤ ቪዲዮ ቤት የጠፈር ፊልም አይተን፣ ያቺን የመንኮራኩር ታሪካችንን በየተራ እናወራለን። የቀረ ሰው በታሪኩ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ደንቡን ያወጣኸው አንተው ነህ። ታዲያ ያ ኪዳኑ ብድግ ብሎ "ካፒቴን ሀፊዝ ባሕር ውስጥ ሰመጠ" አይል መሰለህ!

"ጠፈር ላይ የምን ባሕር ነው?" ብዬ አግዳሚውን ገለበጥኩት።

"ተው እንጂ ሸረፉ፣ ተረት እኮ ነው።"

"በተረትም አይሰምጥም!"

ማን ይችለኛል? ኮሌታውን አንቄ ቃሉን አስቀየርኩት። አሁን ጨረቃ ላይ ሻይ እየጠጣህ ነው።

እማዬ ደህና ናት። የሬዲዮኑን ድንጋይ ብቻ አውጥቼባታለሁ፤ የጀልባ ወሬ አብዝቷል።

ደብዳቤውን ጅዳ ለሚገባው ለጎረቤታችን ለፊርደውስ ባል ሰጥቼዋለሁ። ሲደርስህ ለኪዳኑ ራስህ ደውልለት። እኔን አላመነኝም።

ወሰላም፣ ሆጤን ያንቀጠቀጠው ወንድምህ ሸረፈዲን።